እናቴን የተማረችው

የበደሉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሁለተኛዋ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ውስጥ ለሥራ ልምምድ ወረታ የመጣች የውጭ አገር ተማሪ ናት። የበደሉኝም በእናቴ ተዝካር ቀን፣ ዳሱ ውስጥ፣ ካህናቱ ከማዕድ ሳይነሱ ነው። ስማቸውን አልጽፍም። የአጎቴ ልጆች ዛሬም እዚያው አሉ፤ ከእነሱ ጋር ጠብም ፍቅርም የለኝም። የተማሪዋን ስም ደግሞ እናቴ አንድም ቀን አስተካክላ ጠርታው ስለማታውቅ፣ እኔ አሳምሬ ጽፌ የማቆይላት ምክንያት አይታየኝም።

ዘመዶቼ ይህን ሲያነቡ ከሞተ ሰው ጋር ምን አለሽ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የምጽፈውም ከሞተ ሰው ጋር ያለኝን ነው።

ቤታችን የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ፈንጠር ብሎ የቆመ ጠላ ቤት ነበር። ፊቱ ወደ መንገዱ ነው፤ ጓሮው ግን ወደ ፎገራ ሜዳ ይከፈታል። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ውኃው እስከ አጥራችን ይደርስ ነበር። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እናቴ በጠላ አሳደገችኝ፣ በጠላ አስተማረችኝ። ደብረ ታቦር ዘመድ ቤት ተቀምጬ ስምንተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ እናቴን እየረዳሁ ቤት ዋልኩ። ሐሳቤ ግን ጎንደር ነበር። እዚያ ድሬሰር ያሠለጥናሉ። ድሬሰር ማለት በዚያ ዘመን ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም የሚሆን ሰው ነው። እኔ ከዚያ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ለመግባት ፈተና ማለፍና ቤት ንብረት ያለው አንድ ዋስ ማቅረብ ያስፈልግ ነበር። ፈተናውን እንደማልፍ አውቅ ነበር። ዋስ ሊሆነኝ የሚችለው ደግሞ አጎቴ ብቻ ነው። ሜዳው ላይ የሚያርስ፣ የደለቡ ከብቶች ያሉት፣ ከሰው ጋር ሲነጋገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነበር። እናቴ የምትኖርበትን ቦታ አያቴ ለእሷ መስጠቱን አንድም ቀን አልረሳም።

ተማሪዋ የመጣችው አጨዳ ሊጀመር ሲል ነው። በአገሯ የነርስነት ትምህርት የምትማር፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ ልጅ ናት። የወባ በሽተኛ የሚበዛበት ቦታ ሄዳችሁ ተለማመዱ ሲባሉ ለእሷ ወረታ ደረሳት። የሐኪም ቤቱ ኃላፊ እናቴን ለመኗት። ቤትዎ ትረፍ፣ እርስዎ አማርኛ ያስተምሯታል፣ እሷ ደግሞ ለልጅዎ የራሷን ቋንቋ ታስተምራለች አሏት። እናቴ ሳቀች። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ምኑን ነው የማስተምራት አለች። እሳቸውም ዝም ብለው እንደ ልማድዎ ያውሩ፣ እሷ ትሰማለች አሏት።

እንዳሉትም ሰማች። ቋንቋ የሚማር ሰው ይህ ምን ይባላል፣ ያ ምን ይባላል ብሎ ሲጠይቅ ነው የማውቀው። እሷ ምንም አልጠየቀችም። ከሐኪም ቤት ስትመለስ እናቴ ከምትቀመጥበት መደብ ሥር በርጩማ ስባ ትቀመጥና የእናቴን አፍ ታያለች። ዓይኗን አይደለም፣ አፏን። እናቴ ተናግራ ስትጨርስ የተማሪዋ ከንፈር ድምፅ ሳያወጣ ያንኑ ይደግማል። ጠጪዎቹ መጀመሪያ ጸሎት የምታደርስ መስሏቸው ነበር።

በጥምቀት ሰሞን ከንፈሯ እናቴን ተከትሎ መሄዱን ትቶ እኩል ይሄድ ጀመር። እናቴ "ግባ እንጅ፣ ምን በር ላይ ያቆምሀል" ስትል የሁለቱም አፍ አብሮ ተከፍቶ አብሮ ይዘጋል። ኋላ ደግሞ የሷ ቀደመ። እናቴ ገና ለመናገር ስታስብ ልጅቱ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ከዚያ እናቴ ያንኑ ትናገራለች። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሱቋ ከቤታችን ጋር ግድግዳ የሚጋራው ሙስሊሟ ጎረቤታችን፣ የእናቴ ወዳጅ፣ አንድ ቀን ጨው ልትሰጠን መጥታ ቆማ አየቻት። ስትወጣ በጆሮዬ "ይች ልጅ ቋንቋውን አይደለም የምትማረው፣ እናትሽን ነው" አለችኝ። እየቀለደች ነበር። ሲመስለኝ እየቀለደች ነበር።

እናቴ አልከፋትም። እንዲያውም ኮራች። ድፍን ወረታ ልጅቱን የጠላ ሻጯ ተማሪ ይላት ነበርና። ልጅቱ ሐኪም ቤት ውስጥ የምትናገረው ሁሉ የጠላ ቤት ቃል ነበር። ተራ የሚጠብቀውን በሽተኛ "የጨረሳችሁ ተነሡ፣ ለሌላው ቦታ ልቀቁ፣ ይኸ አልጋ አይደለም" ትለዋለች። ወባ የሚያንቀጠቅጠውን ገበሬ "ይበቃሀል፣ ዛሬስ በዝቶብሀል" ትለዋለች። አንድ የአንበሳሜ ሰው ክኒኑን ውጦ ሲወጣ ሒሳቡን ለማን ልክፈል ብሎ ሐኪም ቤቱን በሳቅ ሞላው። ለኃላፊው ለራሳቸው "አንተ" ነበር የምትለው፤ እናቴ ለሾፌሮቹ እንደምትለው። አርመናት ነበር። መታረሙን አልፈለገችም። እናቴ ያላለችው ቃል ለእሷ አማርኛ አልነበረም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ጥርሷ ነው። የእናቴ የፊት ጥርስ አንዱ ወልቆ ስለነበር "ሰ" ስትል ትንሽ ያፏጭባታል። ልጅቱ ጥርሷ ሙሉ ነው፤ እንደ በቆሎ የተደረደረ። ያም ሆኖ ያፏጫል።

ለእኔ ምን አስተማረችኝ? የአጥንቶችን ስም፣ ደህና አደርሽን፣ አመሰግናለሁን። ከዚያ በላይ ስጠይቃት ደክሞኛል ትላለች፤ በእናቴ አነጋገር፣ ወገቧን ይዛ። ውሉ ልውውጥ ነበር። እሷ ሙሉውን ወሰደች።

በበጋው አንድ ቀን ሦስታችን ልብስ ልናጥብ ወደ ረግረጉ ወረድን። ቀትር ነበር። ከብቶቹ ጥላ ገብተዋል፣ ወፍ አይጮህም፣ ደንገሉም አይንቀሳቀስም። እናቴ በዚያ ሰሞን የመከባበር ቃል እያስተማረቻት ነበር፤ ትልቅ ሴት ስትጠራሽ "እመት" በይ፣ ወንድ ከሆነ "አቤት" በይ እያለች። ልጅቱም የጠራትን ሁሉ "እመት" ትል ነበር። ከደንገሉ ማዶ የሆነ ሰው ተጣራ። ማን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚጠራ አልተሰማኝም፤ ድምፁ ብቻ ውኃው ላይ መጣ። ልጅቱ ቀና ብላ "እመት" አለች።

ውኃ ዳር የሚያጥቡት ሌሎች ሴቶችም ሁሉ እጃቸውን አቆሙ። እናቴ የያዘችውን ጋቢ ጥላ ተነሣች።

"ሳታይ እመት አይባልም" አለቻት። "በቀትር፣ ውኃ ዳር፣ ሰውየውን ሳታይ አፍሽን አትክፈች።"

ልጅቱ ማን እንደጠራ ጠየቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትጠይቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"የሚጠራማ ይጠራል" አለች እናቴ። "የሚመልስለት እንዳያገኝ ነው።"

ልብሱን ሳናለቅልቅ ሰብስበን ወጣን። መንገድ ላይ ከኋላዬ "የሚጠራማ ይጠራል፣ የሚመልስለት እንዳያገኝ ነው" ሲባል ሰማሁ። ዘወር አልኩ። እናቴ እፊቴ እየሄደች ነበር፤ ከኋላዬ ያለችው ልጅቱ ናት።

ወደ ጥር ልመለስ፣ የበደሉ ሥር እዚያ ስለሆነ። ጎንደር መሄድ እንደምፈልግ ለእናቴ መጀመሪያ የነገርኳት በጥር ነው። አጎቴ ከገበያ መልስ ጠላ ሊጠጣ ገብቶ ተቀምጦ ነበር፤ ልጅቱም በርጩማዋ ላይ ነበረች። እሱ ባለበት መናገሬ ስሕተት ነበር። እናቴ ወንድሟ ፊት ልጇ የምታዝዝባት መስሏት ደነገጠች፤ ስትደነግጥ ደግሞ ትቆጣለች። ጮኸች። ያለችውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ኋላ ደግሜ እንድሰማው ስለተደረግኩ ብፈልግም አልረሳውም። ጎንደር ምን አላት አለች። ከዚች ቤት ንቅንቅ አትልም፣ እኔ ብሞት አጎቷ አለላት፣ እሱ ይያዛት አለች። አጎቴ መሬት መሬት እያየ ጠላውን ጨረሰ። ሲወጣ እናቴን ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ከዚያ በፊት አድርጎት አያውቅም።

ቁጣው አላደረም። ፈተናውን እንድፈተን የፈቀደችው ራሷ ናት፤ ስቅለት ሳይመጣ። ለአጎቴ ግን አልነገረችውም። ጊዜው ሲደርስ ራሴ እለምነዋለሁ፣ ለእኔ እምቢ አይለኝም አለች። እኔም ተፈትኜ አለፍኩ፤ በጥቅምት ከነዋሴ ቅረቢ ተባልኩ።

እናቴ የታመመችው ክረምቱ ሲገባ ነው። መጀመሪያ ሳል ነበር። ከዚያ ድምፅዋ ሻከረ፣ ቀጠነ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጨርሶ ጠፋ። ልጅቱ ከሐኪም ቤት ያላትን ክኒን ሁሉ አምጥታ ሰጥታታለች፤ ይህን አልክድም። በደንብ ነው ያስታመመቻት። ሰው ግን ማውራት ጀመረ። ፈረንጇ ድምፅዋን ወሰደችባት ተባለ። እኔ በዚህ አላመንኩም፤ ድሬሰር ሆኜ ያን ሕመም በስሙ አውቄዋለሁ። ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታ አፏን ትከፍታለች፣ ምንም አይወጣም። ከመጋረጃው ወዲህ ልጅቱ መደቡ ላይ፣ በእናቴ ቦታ ተቀምጣ "እሰይ፣ ግባ፣ እግርህን ጥረግ እንጅ" ትላለች፤ በእናቴ ጤነኛ ድምፅ፣ በዓምናው ድምፅ። ጠጪው ቀነሰ ብለን ስንፈራ ጨመረ። ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ሊሰሙ መጡ። አንዳንዱ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ሳይጠጣ ይመለስ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ በእጇ ጠራችኝ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። በትንፋሽ ብቻ፣ "ሂጅ፣ ወንድሜን እናቴ ፈቅዳልኛለች በይው፣ እንዳትቀሪ" አለችኝ። ዕቃ ካለበት ሣጥን ውስጥ ለመንገድ ብላ ያዘጋጀችልኝን አዲስ ነጠላ አሳየችኝ። ልጅቱ የመጋረጃውን ጫፍ ይዛ ቆማ ታየን ነበር። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። የዚያን ቀን ልብ ያልኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ነሐሴ ሲጋመስ ጎረቤቶች ጠበል ይምጣላት አሉ። ጣራ ገዳም ሄጄ ላመጣ ተነሣሁ። እስከ አዲስ ዘመን በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወደ ላይ በእግር ነው። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ሳልፈልግ ሰነበትኩ። ጠበሉን በቅል ይዤ ስመለስ ነዳጅ የጫነ መኪና ወረታ መግቢያ ላይ ጣለኝ። ጧት ነበር። ጉሙ ከሜዳው ተነሥቶ ቤቶቹን ውጧቸው፣ የሚታየኝ የራሴ እግር ብቻ ነበር። ዋናው መንገድ ጭቃ ስለነበር በሜዳው በኩል ዞሬ ወደ ጓሯችን መጣሁ። አጥሩን በእጄ እየዳሰስኩ ስደርስ ከግድግዳው ውስጥ የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ።

"እህ" አለች፤ ንግግር ስትጀምር እንደምታደርገው። "ኑ ግቡ እንጅ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በዚህ ጭቃ ለፋችሁ።"

ድናለች አልኩ። ጠበሉ ሳይደርስ ሰምሮላታል አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም፤ ሥራ የያዝኩ ቀንም ቢሆን። በጓሮ በር እየሮጥኩ ገባሁ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሷል። መደቡ ላይ ልጅቱ በእናቴ ጥቁር ቀሚስ ተቀምጣ ለቅሶ ደራሹን ትቀበላለች። እናቴ የተቀበረችው ከትናንት በስቲያ ነበር።

ቅሉን ማን እንደተቀበለኝ አላስታውስም። ስትሞት አብሯት የነበረው ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ልጅቱ ብቻ ናት አሉኝ። ጎረቤታችን ሱቅ ከፍታ ነበር፣ አጎቴ ሜዳው ላይ ከብቶቹን ከውኃ ያሸሽ ነበር። እናቴ አንድ ሰው እጇን እንደያዛት ሞተች፤ ያ ሰው እኔ አልነበርኩም።

ለልጅቱ የለቅሶን ወግ ያስተማራት ሰው አልነበረም። ያየችውን ነው ያደረገችው። እናቴ ለቅሶ ደራሽ የምትቀበልበትን ቃል በአባቴ የሙት ዓመት መታሰቢያ ሰምታው ይሆናል፣ ወይም ከሌላ ሰው ቤት። ቃሉ ትክክል ነበር። የሚቀበለው ሰው ነበር የተሳሳተው። ሆኖም ከለቅሶ ደራሹ ማንም ተይ አላላትም። እንዲያውም ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሟት ነበር።

ከዚያ እስከ ተዝካሩ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደኖርኩት መናገር አልወድም። ጓዳ ሆኜ ብቅል ሳሰጣ ከወዲያ ልጅቱ በእናቴ ድምፅ "አንች ልጀ፣ የት ገባሽ?" ስትለኝ አፌ ሳላዘው "እመት" ይላል። መጀመሪያ ሮጬ እወጣ ነበር። ከዚያ በእግሬ መውጣቱን ተውኩ፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ። ጎረቤታችን ይህን ሰምታ በሱቋ በኩል ጠራችኝ።

"ወላሂ አትመልሽላት" አለችኝ። "በመለስሽላት ቁጥር እናትሽን ትሆናለች።"

"እንግዳ ናት እኮ፤ ክፉ አስባ አይደለም" አልኳት።

"እኔ መቼ ክፉ ናት አልኩ" አለች።

አጎቴ ከቀብሩ በኋላ በየጊዜው መምጣት አበዛ። ጠላ ይቀዳለትና ከልጅቱ ፊት ለፊት ይቀመጣል። እስቲ እህቴን አምጭልኝ ይላታል። እሷም ታመጣለታለች፤ የሾፌሮቹን ስድብ፣ የገበያውን ወሬ፣ ቀልዱን ሁሉ። እሱ ያለቅሳል። እውነተኛ ለቅሶ ነበር፤ አልዋሽም። ከጓዳ ሆኜ ስሰማ አዘንኩለት፤ ዛሬ የሚያናድደኝ ያ ማዘኔ ነው። አንድ ቀን "በጥር ያለችውን በይልኝ" አላት። እሷም አለችው። "እስቲ ድገሚው" አላት። ደገመችው። በዚያን ጊዜ አላለቀሰም።

ተዝካሩ በመስከረም መጨረሻ ሆነ። ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ ሽንብራና ጓያ የሚዘራበት ጊዜ ነው። በሬ ታረደ፣ ዳስ ተጣለ፣ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ተቀመጡ። ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከባላገሩ ሰው ብዛት መቆሚያ አልነበረም። ጎረቤታችን ከዳሱ ውጭ ለእስላሞቹ በተለየው ቦታ ተቀምጣለች። እኔ አጎቴን ዋስ እንዲሆነኝ የምጠይቀው ያን ቀን፣ ካህናቱ ፊት ነበር። ሰው በተሰበሰበበት፣ በእህቱ ተዝካር ላይ እምቢ አይለኝም ብዬ ነው። እናቴ የነገረችኝንም እናገራለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

ቀደመኝ። በእኛ አገር ሟች የተወው ቃል ካለ አጠገቡ የነበረ ሰው በተዝካሩ ይናገራል፤ ቃሉም ይጸናል። ያን ቃል የሚሽር ሰው ከዘመድ አይቆጠርም። አጎቴ ቆሞ ለእናቴ የነፍስ አባት እጅ ነሣ።

"አባታችን" አለ፣ "እኔም አልነበርኩ፣ ልጅቷም አልነበረች። እህቴ ስትሞት እጇን ይዛ የነበረች ይች እንግዳ ናት። የእህቴ ቃል ካለ በእሷ አፍ ይሰማልን።"

የነፍስ አባታችን ያረጁ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ነበሩ። ልጅቱን ወደ እሳቸው አስጠጓት። "ልጄ፣ ሟች ስለ ልጇ ያለችው አለ?" አሏት።

ልጅቱ ዳሱ መካከል ቆመች። እናቴ ያዘጋጀችልኝን ነጠላ ነበር የለበሰችው፤ የመንገዴን፣ አዲሱን። ማን እንደሰጣት አላውቅም። መጀመሪያ አጎቴን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ እንደ እናቴ ዝቅ አለ፣ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ሄደ። "እህ" አለች። የሚበላው ሰው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

"ጎንደር? ጎንደር ምን አላት? ከዚች ቤት ንቅንቅ አትልም። እኔ ብሞት አጎቷ አለላት። እሱ ይያዛት።"

አፏ ላይ ያን ፉጨት ሰማሁት። አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ተደፋች። የነፍስ አባታችን ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ ለብዙ ዓመት ያናዘዟትን ሴት ድምፅ ሰምተዋልና ከተቀመጡበት ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ዳሱ በሙሉ ተነሣ። ለልጅቱ አይደለም የተነሡት። ለማን እንደተነሡ ሁሉም ያውቅ ነበር።

እኔ ብቻ ተቀምጬ ቀረሁ። ያ የቁጣ ቃል ነው አልኩ። በጥር፣ በጤናዋ የተናገረችው ነው፣ ስትሞት አይደለም አልኩ። ኋላ ፈቅዳልኛለች፣ እንድሄድ ነግራኛለች አልኩ። አጎቴ መሬት መሬት እያየ ማን ሰማ ብሎ ጠየቀኝ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ድምፅ አልነበራትማ።

"የእናትሽን ድምፅ በጆሮሽ ሰምተሽ ትክጃለሽ?" አለኝ።

ልክደው አልቻልኩም። ምክንያቱም ድምፁ የእናቴ ነበር። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሊመሰክር ይችላል፤ እኔም ብጠየቅ እመሰክር ነበር። የነፍስ አባታችን "ቃሏ ይጽና" አሉ። ካህናቱ ተቀበሉ። አጎቴ ዋስ ስለመሆን ሳልጠይቀው መልሱን ሰጠኝ፤ የእህቴን ቃል አልሽርም አለ። ቤቱን ለእኔ እንዲጠብቅልኝ ተባለ፤ እኔም ለእሱ እንድጠበቅ።

ሰው ሲበተን ልጅቱን ጓሮ አገኘኋት፤ ወደ ሜዳው ፊቷን አዙራ ቆማ ነበር። እናቴ ስትፈቅድልኝ መጋረጃውን ይዘሽ ታይ አልነበረም ወይ አልኳት። ነበርኩ አለች። ታዲያ ያንን ለምን አላልሽም አልኳት። 

"ያኛው ድምፅ የለውም" አለች። "አልችለውም።"

"በራስሽ አፍ አትይውም ነበር?"

ጥያቄው አልገባትም። በእውነት አልገባትም፤ ፊቷን አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ዓመት ሙሉ ቤታችን ስትኖር የራሷ የሆነ አንድ የአማርኛ ቃል አልነበራትም። እሱን ሳስብ አንዳንዴ ይቅር ልላት እቃረባለሁ። ከዚያ ግን ዓይኗን ከመጨፈኗ በፊት አጎቴን ማየቷ ትዝ ይለኛል። ሰው የሚፈለግበትን ነገር በየትኛውም ቋንቋ ያውቃል።

ጥቅምት አለፈ። ቦታዬ ለሌላ ተሰጠ። አጎቴ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ቤታችን ገባ፤ እኔ ለእነሱ ብቅል አሰጣ፣ ጌሾ እወቅጥ ጀመር። ልጅቱ ልምምዷን ጨርሳ በኅዳር ሄደች። አጎቴ ጋቢ አለበሳት። መኪናው ላይ ወጥታ "ደህና ሁኝ ልጀ፣ በርቺ" ብላ ተጣራች። ሾፌሩ ሳይቀር ዘወር ብሎ አየኝ። አልመለስኩም።

በሚቀጥለው ክረምት ለንግድ ርቀው የነበሩት የጎረቤታችን ባል ተመልሰው ዋስ ሆኑኝ። ለአጎቴ ሳልነግር ጎንደር ሄጄ እንደገና ተፈተንኩ፣ ገባሁ፣ ድሬሰር ሆንኩ። ደመወዝ እንደያዝኩ በቤቱ ጉዳይ አጎቴን ከሰስኩት። ክሱ ዓመታት ወሰደ። ፈረዱልኝ። ከነልጆቹ አስወጣሁትና ቤቱን ለጎረቤታችን ሸጥኩላት። አጎቴ ሲሞት መልእክት ደረሰኝ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። ልጅቱ በአገሯ ወደ እኛ አገር ለሚመጡ ተማሪዎች አማርኛ ታስተምራለች ሲባል ሰማሁ። በስድሳዎቹ መጀመሪያ ወደምሠራበት ሆስፒታል ለልምምድ የሚላኩ የውጭ አገር ተማሪዎች በዙ፤ ኃላፊዎቹም ቋንቋ አስተምሪልን እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። በየጊዜው እምቢ አልኩ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ አላስረዳኋቸውም። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት።